ለገና ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዝሙር፤ አለቃዬን ምን ልበለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ልብስ ቤት ነው የምሠራው፣ ሙስሊም ነኝ። ገና ሲቃረብ ስፒከሩ ወደ በሩ ይዞራል፣ ከዚያ ከጠዋት እስክንዘጋ መዝሙር ነው። ጎረቤት ያለው ሱቅም የራሱን ከፍ ያደርግና ደንበኛ የሚለኝን እንኳ አልሰማም። በዓሉን ጠልቼ አይደለም። ጎረቤቶቼ ዳቦና ቡና ለእኔ ብለው ያዘጋጃሉ፣ አብሬያቸው ነው የምውለው። አለቃዬም ደግ ሰው ነው፤ ለዒድም ለአረፋም ሳልጠይቀው ነው ፈቃድ የሚሰጠኝ። ግን የእኔ ያልሆነ ጸሎት ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲዘመር፣ ደንበኛው ደግሞ «አንቺም ዘምሪ እንጂ» ሲለኝ ይጨንቀኛል። ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው?

መልስ 1
እህቴ፣ እኔም ሱቅ አለኝ፣ ባሕር ዳር። ሰው ለበዓል ሲገበያይ የበዓል ድምፅ ያለበት ሱቅ ይስበዋል፣ ይህን አልደብቅሽም። «አጥፋው» ካልሽው ገበያዬን ልትዘጋብኝ ነው ብሎ ያስባል። «በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ እናድርገው» በይው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት። የበዓሉ ስሜት አይጠፋም።

መልስ 2
ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። የገና መዝሙር ጎጃም ውስጥ ካልተሰማ የት ሊሰማ ነው? ሱቁ የግለሰብ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ አለ እንጂ ባለሱቅ ዝም ይበል አላለም። ለዒድ መንዙማ ይክፈትልሽ፣ እኩል ትሆናላችሁ።

መልስ 3
ወንድሜ፣ ሕጉ ላይ ልክ ነህ። ግን ልጅቷ መቼ ልክሰስ አለች? እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደግሁ ነኝ፤ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መዝሙር ጸሎት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ነን፣ እና በዓሉ ሳይገባ የልደቱን እልልታ ጂንስ መሸጫ ስናደርገው ማንን እያከበርን ነው? በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከበሮና ጸናጽሉን ታስቀምጣለች፣ ገበያው ውስጥ ግን ከበሮው ይደለቃል። ክርስቲያኑም «ቀንስልኝ እንጂ» እያለ ዋጋ እየተከራከረ ነው የሚሰማው።
ሞጣንም አትርሱ። ታኅሣሥ 2012 መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቅ ሲዘረፍ፣ ልክ ገና ሲቃረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሙስሊም እህታችን እዚሁ ጎጃም ውስጥ «ድምፁን ቀንሱልኝ» ለማለት ብትፈራ ይፈረድባታል? እሷ ሳትናገር እኛ ቀድመን መጠየቅ ነበረብን። አለቃሽ ደግ ከሆነ ፊት ለፊት ንገሪው፣ ይሰማሻል።

ጠያቂዋ
አላህ ይስጥልኝ። መንዙማ ይክፈትልሽ ያልከው ወንድሜ፣ እሱንም አልፈልግም። መንዙማም ለገበያ አይደለም፣ ደግሞ ክርስቲያኗ የሥራ ባልደረባዬ በተራዋ ለምን ትጨነቅ? የመሣሪያው ሐሳብ ግን ደስ ብሎኛል። ስፒከሩንም ወደ ውስጥ እናዙረው እለዋለሁ። በዕለቱ እኔ እረፍት ነኝ፣ ያኔ እንደፈለገ ይክፈት። ነገ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ አነጋግረዋለሁ።

መልስ 1
ጥሩ አስበሻል። ፍላሽ ላይ የሞላሁት የማሲንቆና የዋሽንት ቅንብር አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።