ለተሰበረ የጎድን አጥንት ቀዶ ሕክምና መቼ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜን ትናንት ማታ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሚኒባስ ገጭቶት፣ በግራ ጎኑ አምስት የጎድን አጥንቶች መሰበራቸው በሲቲ ስካን ታይቷል። ሐኪሞቹ እስከ ነገ ተከታትለውት አጥንቶቹ በብረት ይያዙ እንደሆነ እንደሚወስኑ ነግረውናል። እናታችን ግን የጎን አጥንት በራሱ ስለሚገጥም ወጌሻ ጠበቅ አድርጎ ይሰረው ይላሉ። ቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገው ለማን ነው?

መልስ (የቀዶ ሕክምና ሐኪም)፦ እናትዎ ስለ መግጠሙ ልክ ናቸው፤ አብዛኛው የጎድን አጥንት ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና በስድስት ሳምንት ገደማ ይጠግናል። የሚያሳስበን የተሰበሩት ብዛት ብቻ አይደለም። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ተከታታይ አጥንቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ሲሰበሩ ያ የደረት ክፍል ከቀረው ይላቀቅና፣ ሰውየው አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሲያስወጣ ወደ ውጭ ይገፋል፤ በታይታኒየም ፕሌትና ብሎን መያዙ በይበልጥ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ በጣም ከተላለፈ፣ ወይም በቂ ማስታገሻ እየተሰጠው ትንፋሹ እየደከመ ከሄደም ይታሰባል። ከተወሰነ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል፤ ስለዚህ እስከ ነገ መከታተላቸው ቸልተኝነት አይደለም። ሁሉም ስብራት በፕሌት አይያዝም፤ ከላይ ሁለቱ፣ ከታችም 11ኛውና 12ኛው አብዛኛውን ጊዜ ይተዋሉ።

መልስ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ)፦ ማሰሩን እባክዎ ይተዉት። ደረቱ ሲታሰር ሳንባው በደንብ አይከፈትም፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምችም ይከተላል፤ እኛ ክፍል ከስብራቱ ይልቅ የምንፈራው ይህንኑ ነው። ማስታገሻው ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጠው። ትራስ ጎኑ ላይ አቅፎ እንዲያስል፣ በየሰዓቱም ቀስ ብሎ በጥልቀት እንዲተነፍስ አግዙት፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት።

መልስ (አባቱን ያስታመመ)፦ ፕሌቱ በሆስፒታሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ከሌለ ከየት እንደሚገዛና ስንት እንደሚያስወጣ ዛሬውኑ ይጠይቁ። እኛ ይህን የጠየቅነው ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ በኋላ ስለነበር ጊዜ አባክነናል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናታችንን አሳምነናል። ሆኖም አሁን ሲተነፍስ በግራ ጎኑ አንድ ቦታ ሲሰረጉድ አየሁ፤ ከንፈሩም ጠቆር ብሏል።

መልስ (የቀዶ ሕክምና ሐኪም)፦ መልእክት መጻፉን ትተው ተረኛውን ሐኪም አሁኑኑ ይጥሩና ያዩትን እንዳለ ይንገሯቸው።