ከአሌክሳንድሪያ ሻርለትስቪል ደርሶ መልስ፦ በአንድ ቀን ምን ምን ይዳረሳል?

ጠያቂ፦ የልጅ እናት

ጤና ይስጥልኝ። በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተነስተን ሻርለትስቪል ውለን ማታ ለመመለስ አስበናል። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣችው እናቴ (72 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል) እና የ16 ዓመት ልጄ። ልጄ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ማየት ይፈልጋል፣ እኔ የፕሬዚዳንት ጀፈርሰንን ቤት ሞንቲቼሎን፣ እናቴ ደግሞ "ተራራውን" ብላለች፤ በተራራው ላይ የሚሄደውን መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭን ማለቷ ነው። ሦስቱም ይዳረሳሉ? በየት በኩል ልሂድ፣ መኪናውንስ የት ላቁም? እናቴ ጽጌን ስለምትጾም የምሳውንም ነገር ንገሩኝ።

መልስ፦ ሩት 29

መንገዱ 110 ማይል ገደማ ነው፤ ትራፊክ ካልያዘዎት ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። በ495 አውራ ጎዳና አድርገው ወደ 66 ምዕራብ ይግቡ፣ ጌንስቪል ሲደርሱ በኤግዚት (መውጫ) 43 ወደ 29 ደቡብ ይውጡ። ከዚያ በኋላ ዋረንተንም ከልፔፐርም በባይፓስ (ከተማውን በሚዞር መንገድ) ይታለፋሉ፤ 29ን እንዳይለቁ ብቻ።

ሦስት መሆናችሁ ጠቅሟችኋል። ከ495 ወዲያ ባለው የ66 ክፍል ኤክስፕረስ ሌኑ ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር ያስከፍላል፤ ዋጋው ደግሞ መኪና በበዛ ቁጥር ይወጣል። ሦስት ሰው የያዘ መኪና ግን በነጻ ያልፋል። ለዚህ ተራው ኢዚፓስ (መኪና ላይ የሚደረገው የመንገድ መክፈያ) አይሆንም፣ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ኢዚፓስ ፍሌክስ ነው የሚያስፈልገው። ሰው የሚሳሳተው ፍሌክሱን ይዞ ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና ማለት ነው) ሳያዞር ሲገባ ነው፤ ሦስት ሆኖም ይከፍላል። ከቤት ሳይወጡ ያዙሩት። ሰኞ ብቻዎን ሥራ ሲሄዱ ደግሞ መልሱት፤ ብቻን ሆኖ ኤችኦቪ ላይ ማለፍ ቅጣት አለው። ፍሌክስ ከሌለዎት በተራው ሌን ይሂዱ፣ ነጻ ነው፤ ቅዳሜ በጠዋት እምብዛም አይጨናነቅም።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልጨምር። 29 ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ እግር ይከብዳል፤ ከተማ ጋ ሲደርስ ደግሞ የተፈቀደው ፍጥነት ድንገት ይወርዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት ተራ ትኬት አይደለም፤ "ሬክለስ ድራይቪንግ" ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል። ወረቀቱ ላላለቀለት ሰው ጣጣው ብዙ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም ክልክል ነው።

መልስ፦ ቀይ ጡብ

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ቀኑ የሚበላሸው። ዩኒቨርሲቲው በር የለውም፣ መቼም ይደረስበታል። ሞንቲቼሎ ግን ትኬቱ ሰዓት የተጻፈበት ነው፤ በኦክቶበር ቅዳሜ ሄዶ በሩ ላይ መግዛት አያዋጣም። 9:30 አካባቢ ያለውን አስቀድመው በኢንተርኔት ይያዙና ከቤት 6:30 ይውጡ። (ሰዓቱን የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ 9:30ውን እናትዎ 3:30 እንዲሉት ይንገሯቸው።)

ከተማው ሲገቡ ቀጥ ካሉ መንገዱ ኢመት ስትሪት ይሆንና ዩኒቨርሲቲው መሃል ያገባዎታል። ወደ ሞንቲቼሎ የሚወስደው የባይፓሱ መውጫ ነው፤ "250 ምዕራብ/29 ደቡብ" የሚለውን ይዘው 64 ሲደርሱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሪችመንድ አቅጣጫ ይታጠፉ፤ ኤግዚት 121 ላይ ወጥተው ሩት 20ን ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወዲያው በግራ ሩት 53። በዚያው በ53 ላይ የካርተር ማውንቴን የፖም እርሻ አለ። በኦክቶበር ፖም ለቀማ የሚመጣው መኪና ከረፋዱ በኋላ ያቺን ጠባብ ዳገት ይዘጋታል፤ በጠዋት ግቡ የምለው ለዚህም ነው።

መኪናው ጎብኚ ማዕከሉ ጋ ይቆማል፤ ቤቱ ተራራው አናት ላይ ስለሆነ በሸትል ትወጣላችሁ። ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መደበኛው ጉብኝት የታችኛውን ወለል ብቻ ስለሚያሳይ ለእናትዎ ይሆናል። ፎቁንና ጉልላቱን የሚያሳየውን ትኬት አይግዙላቸው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ስፋቱም 61 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ።

እንደገቡ በሩ በላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት ልብ በሉ። ክብደቶቹ የመድፍ አረር ናቸው፤ በገመድ ቀስ እያሉ ሲወርዱ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የሳምንቱን ቀን ያመለክታሉ። የክፍሉ ቁመት ለሳምንቱ ስላልበቃ ወለሉ ተበስቶ ቅዳሜ የተጻፈው ከታች ምድር ቤት ነው። እናንተ የምትሄዱት ቅዳሜ ስለሆነ አረሩን ታች ፈልጉት! ከቤቱ ስትወጡ ባሪያዎቹ ይኖሩበትና ይሠሩበት የነበረውን መልበሪ ሮው የሚባለውን መንገድ አትዝለሉት። ጀፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር፤ ያንን ሳያዩ ቤቱን ብቻ አይቶ መመለስ ግማሽ ጉብኝት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ጋ ኢመት ስትሪት ላይ ያለው ሴንትራል ግራውንድስ ጋራዥ ይሻላል፤ የመጻሕፍት መደብሩ ከላዩ ነው፣ በሊፍት ወጥታችሁ ሮታንዳ ወደሚባለው ባለ ጉልላት ሕንጻ ትሄዳላችሁ። ቀኑን ስትመርጡ ግን የፉትቦል ሆም ጌም አለመኖሩን አጣሩ። ጨዋታ ካለ ማቆሚያ አይገኝም፣ መንገዱም ይቆለፋል።

ዩኒቨርሲቲው በ1819 ተመሠረተ። ሮታንዳው ፓንቴዮን የሚባለውን የሮም ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በግማሽ መጠን የቀዳ ነው፤ በ1895 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። ከፊቱ በተዘረጋው፣ ሎውን በሚባለው ሣር ሜዳ ግራና ቀኝ 54 የተማሪ ክፍሎች አሉ፤ እስከ ዛሬ ተማሪ ይኖርባቸዋል፣ በር ላይ የተከመረው ማገዶም ለጌጥ አይደለም። መጸዳጃ ቤቱ ግን ውጭ ነው፤ ልጅዎ ይህን ይወቅ። ፓቪሊዮን ከሚባሉት የመምህራን ቤቶች ጀርባ ባሉት አትክልት ቦታዎች እንደ እባብ የሚጠማዘዝ አጥር ታያላችሁ፤ ውፍረቱ አንድ ጡብ ብቻ ነው፣ የሚያቆመው መጠማዘዙ ነው። እናትዎ በአምዶቹ ስር ባለው መተላለፊያ ቢሄዱ ይሻላል፤ ሣሩ እርከን አለው፣ የጡቡም ንጣፍ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ያድርጉ።

ከሮታንዳው በስተምሥራቅ፣ ኮርነር ወደሚባለው የሱቆች መንደር ሲወርዱ፣ በ2020 የተጠናቀቀው የባሪያ ሠራተኞች መታሰቢያ አለ። ስማቸው ላልታወቀው ድንጋዩ ላይ የተቆረጠ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ለአንዳንዱ "እናት" ወይም "ግንበኛ" የሚል ብቻ ተጽፏል።

ልጅዎ "ካምፓስ" ካለ እንግዳነቱ ይታወቅበታል፤ እዚያ "ግራውንድስ" ነው የሚሉት። የመግቢያ ገለጻ ከፈለገ ግን በአብዛኛው በሥራ ቀን፣ በምዝገባ ነው። ቅዳሜ ግቢውን ማየት ይበቃዋል።

መልስ፦ ዳገት ወራጅ

ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ስካይላይኑን ግን እኔ አልመክርም። ደቡባዊው መግቢያ ሮክፊሽ ጋፕ ነው፤ ከከተማው በ64 ምዕራብ ኤግዚት 99። ከዚያ ወደ ሩት 33 እስክትወርዱ 40 ማይል ነው፣ የሚፈቀደው ፍጥነት 35 ብቻ፤ መቆሚያዎቹ ላይ ወረድ እያላችሁ ስታዩ ሁለት ሰዓት ነው። ለመኪና 30 ዶላር ያስከፍላል፣ በዚያ ክፍል ነዳጅ የለም፣ ሲመሽ ደግሞ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል።

በዚያው ኤግዚት 99 በተቃራኒው ወደ ደቡብ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይጀምራል። ተራራው ያው ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ፍጥነቱ 45 ነው። ማይል 5.8 ላይ ሃምፕባክ ሮክስ ጋ የድሮ የእርሻ ቤቶች አሉ፤ ሜዳ ስለሆነ እናትሽ መኪናው አጠገብ ወርደው ያያሉ። ልጁ ዓለቱን ልውጣ ቢል እንዳትፈቅጅ፤ አጭር ነው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ይመሽባችኋል። ከሰዓት በኋላ ከ3:30 (በአሜሪካ አቆጣጠር) በፊት ከዩኒቨርሲቲው ካልወጣችሁ ይህንንም ተዉት።

ኤግዚት 99 ያለበት አፍተን ተራራ ላይ ጭጋግ ይበዛል። 64 ላይ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበሩት መብራቶች በርተው ካየሽ ላይ ምንም አይታይም፤ ቀጣዩ ኤግዚት ላይ ተመለሺ። በጭጋግ ረጅሙን መብራት አታብሪ፣ ብርሃኑ ራስሽ ላይ ነው የሚመለሰው።

መልስ፦ ሽሮ በፔርሙዝ

ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ሩት 53 ላይ ያለው የድሮ መጠጥ ቤት (ሲጻፍ ሚቺ ነው፣ ሰዉ ሚኪ ይለዋል) የታወቀው በተጠበሰ ዶሮ ነው፤ ለጽጌ አይሆንም። በደቡብ አበሳሰል ጎመኑና ፎሶሊያው ራሱ ብዙ ጊዜ በአሳማ ወይም በቅቤ ስለሚሠራ "አትክልት ነው" ብሎ ማዘዝ አያስተማምንም፤ በምን እንደተሠራ ጠይቁ። ኮርነር ላይ ቤግል በሽምብራ ማባያ ይገኛል፤ ቅቤና ቺዝ እንዳይነካው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ፍርፍሩን ከጎድጓዳ ሳህን ይልቅ ጥቅልል አድርጋችሁ ያዙት፤ ሎውን ላይ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ለመብላት ይመቻል። ለእናትሽ ታጣፊ ወንበር አትርሺ።

የልጅ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓርክዌዩን መረጥን። ከሃምፕባክ ስንመለስ በ81 በኩል ነው ወይስ በመጣንበት?

ሩት 29፦ በመጣችሁበት። 81 ይረዝማል፣ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። በ64 ምሥራቅ ኤግዚት 118፣ ከዚያ 29 ሰሜን። ነዳጅ እዚያው ሻርለትስቪል ሙሉ፣ ፍሌክሱም ኤችኦቪ ላይ መሆኑን ጌንስቪል ሳትደርሱ ልጁ ይይላችሁ።