የዕቅድ ውይይት፦ የሜልቪልን አጫጭር ልብ ወለዶች በጋራ ለማጥናት

ሰብሳቢዋ፦
ውድ አባላት፣ ለዓመታዊው ጉባኤ ከታሪክ ባልደረቦቻችን ጋር የምናስገባው የጋራ ዕቅድ እስካሁን «የኸርማን ሜልቪል አጫጭር ልብ ወለዶች» ከሚል ርእስ አላለፈም። እንዲህ ሰፍቶ ከገባ እያንዳንዱ አቅራቢ የመሰለውን አንብቦ ይወርዳል እንጂ ውይይት አይኖርም። ከ1853 እስከ 1856 ባለው ዘመን እንድንወሰን እጠይቃለሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካዊው ሜልቪል የጻፈው ረጅም ልብ ወለድ «ሞቢ ዲክ» በ1851 ወጥቶ ገዢ አጣ፤ በዓመቱ የተከተለው «ፒየር» የባሰ ተወገዘ። ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ደራሲ ፊቱን ወደ መጽሔቶች ያዞረው ያኔ ነው። «ፑትናምስ» የተባለው መጽሔት ለአንድ ገጽ 5 ዶላር ይከፍለው ነበር፤ «ባርትልቢ» እና «ቤኒቶ ሴሬኖ» የተባሉት ልብ ወለዶቹም እዚያው የወጡት ያለ ስሙ ነው። የዚያን ጊዜ አንባቢ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ያነበበውን፣ እኛ ታላቁን ስም አስቀድመን ስናነብ ምን ይቀርብናል? መድረኩ ይህን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦
በዘመኑ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማእከሉ «ባርትልቢ» እንዳይሆን አደራ። የታዘዘውን ሁሉ በትሕትና እንቢ እያለ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጦ የሚውለውን የዎል ስትሪት ጽሑፍ ገልባጭ በጣም እወደዋለሁ። ሆኖም ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል። በ1855 መጨረሻ በሦስት ተከታታይ ዕትሞች የወጣውን «ቤኒቶ ሴሬኖ»ን እንያዝ።

የጢም መላጨቱን ትዕይንት አስታውሱ። ባቦ የተባለው ባሪያ ስፔናዊውን የመርከብ አዛዥ ቤኒቶ ሴሬኖን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የስፔንን ሰንደቅ ዓላማ አንገቱ ሥር አሥሮ፣ ምላጩን ይስላል። አዛዡ ይንቀጠቀጣል፤ ምላጩ ጫር ያደርገውና ደሙ በነጩ የሳሙና አረፋ ላይ ይታያል። እንግዳው አሜሪካዊ ካፒቴን ዴላኖ እዚያው ሆኖ የአገልጋዩን ታማኝነት ያደንቃል። መርከቧ ግን በባሮቹ እጅ ከገባች ሰንብታለች፤ የሚያየው ሁሉ ለእርሱ ተብሎ የተሰናዳ ትያትር ነው። በመጀመሪያው ንባብ እኛም የምናየው በእርሱው ዓይን ነው። ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ ይህን ገጽ ደግሞ ማንበብ ያማል።

የታሪክ ክፍሉ ተወካይ፦
እንግዲያው የእኛ ድርሻ ግልጽ ሆነ። ዴላኖ በእውን የነበረ ካፒቴን ነው፤ በ1817 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ 18ኛ ምዕራፍ ነገሩን ራሱ ተርኮታል። አመፁ የተካሄደባትን «ትራያል» የተባለች መርከብ ያገኛት በ1805፣ በቺሊ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ሳንታ ማሪያ ደሴት ነው። ሜልቪል ዘመኑን ወደ 1799 መለሰው፤ መርከቧንም «ሳን ዶሚኒክ» አላት። ባሮች በ1791 የተነሡባትን ሳን ዶሚንግን፣ የዛሬዋን ሄይቲን የሚያስታውስ ስም ነው። የመላጨቱም ትዕይንት በዴላኖ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ጥናት እኛ እናቅርብ። የሜልቪል ሚስት አባት የማሳቹሴትሱ ዋና ዳኛ ሌሙኤል ሾው ጉዳይም ይግባ፤ በ1851 ከባርነት ያመለጠው ቶማስ ሲምስ ነጻ እንዲለቀቅ የቀረበውን አቤቱታ ያልተቀበሉት እርሳቸው ናቸው።

ከአባላት አንዷ፦
ሥራው ምንጭን ከልብ ወለድ ጋር ማመሳከር ብቻ ከሆነ ባቦ ይጠፋብናል። ከተያዘ በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ወደ መጨረሻው የምናነበው የፍርድ ቤት ቃል የሴሬኖ ነው። የአመፁ መሪ ታሪክ በባላጋራው አንደበት ብቻ መመዝገቡ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል። እኔ እጽፈዋለሁ። ይህ ካልገባ ግን ዕቅዱን መደገፍ ይከብደኛል።

ሰብሳቢዋ፦
ይገባል፤ እንዲያውም መጀመሪያ ይነበብ። የተሻሻለው ረቂቅ እነሆ፦ «መድረኩ ‹ቤኒቶ ሴሬኖ›ን በ1856 መድበል ከመግባቱ በፊት በመጽሔት እንደወጣው ያነባል። የመጀመሪያው ጽሑፍ የባቦን ዝምታ፣ ሁለተኛው የዴላኖን ምዕራፍና የሜልቪልን ለውጦች፣ ሦስተኛው ታሪኩ በየወሩ የት የት እንደተቆረጠና አንባቢው ምን እየጠረጠረ እንደቆየ ይመረምራል።» ለሦስተኛው አቅራቢ የለንም። የ«ፑትናምስ» ዕትሞች በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ስብስብ ውስጥ ስለሚገኙ የሚወስደው ሰው በቀላሉ ይጀምራል።

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ፦
ሦስተኛውን እኔ እወስዳለሁ። «ባርትልቢ»ም በ1853 በሁለት ዕትም ተከፍሎ ስለወጣ ለንጽጽር አንድ ገጽ ፍቀዱልኝ።