«የቤተሰብ ስም የሌለው ሕዝብ ሥሩን አያውቅም»? ማነው ያለው!

የቀበና ልጅ፦
ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ በአንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። ተናጋሪው ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያወሩ ቆዩና «የቤተሰብ ስም የሌለው ሕዝብ ሥሩን አያውቅም፤ አገር ቤትም በሕግ ይደንገግ» አሉ። እንደ ፈረንጁ ከትውልድ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወረሰውን ስም ማለታቸው ነው። ሰውም አጨበጨበ! እኔ አያቴ ሰባት ቤት እያስቆጠሩኝ ነው ያደግኩት። ከሰባት ቤት በታች መጋባት ነውር ነው። ሥሩን የማያውቅ ሕዝብ ሰባት ቤት ይቆጥራል? አሜሪካዊ ጎረቤቴን የቅድመ አያትህ ስም ማነው ብለው መልስ የለውም። የቤተሰብ ስም ግን አለው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን አንተ ብቻህን ልጆች ይዘህ ድንበር ተሻግረህ ታውቃለህ? ትልቋ ስትወለድ ሆስፒታሉ የባለቤቴን ስም የመጨረሻ ስም አድርጎ መዘገባት። ትንሹ ሲመጣ ፎርሙን ባለቤቴ ሞላና የራሱን አባት ስም ጻፈ። እኔ ደግሞ የራሴ አያት ስም አለኝ። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ ሁለት ልጆች፤ በመጨረሻው ስም የእኔና የልጆቼ አይገጥምም፣ የሁለቱም እርስ በርስ አይገጥምም። ኤርፖርት ላይ ተቆጣጣሪው ፓስፖርቶቹን ደርድሮ እያየ «እናታቸው መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ የልደት ሰርተፊኬታቸውን ከፓስፖርቱ ጋር አጥፌ ነው የምይዘው። ለእኔ ጉዳዩ ይሄ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ጥፋቱ ግን የፎርሙ እንጂ የስማችን አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው። የውጭ ጋዜጣ ግን «ቢቂላ» ይለዋል። ቪብራም የሚባለው ኩባንያም ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው፤ ቤተሰቡ በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ቢቂላ እኮ አባቱ ናቸው! ኃይሌንም «ገብረሥላሴ» ይሉታል። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ጥናት ባለሙያዎች በመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የሚያሰፍሩት በ«ባ» ነው፤ ልክ ነውና። አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም ነው የሚጠሩት። የስልክ ማውጫቸው የሚደረደረው በራስ ስም ነው። አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክለዋል። አይስላንዳዊ ሥሩን አያውቅም ያለ ሰው አልሰማሁም።

ጠበቃ ነኝ፦
«በሕግ ይደንገግ» ለምትሉ፦ ተደንግጓል እኮ! የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32ን አንብቡ። እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይናገራል። አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ሕጉ ወጣ፣ ታተመ፣ ሕግ ትምህርት ቤት ተማርነው። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም። ከ60 ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ተኝቷል። ዛሬም ቀበሌ ብትሄዱ የሚጠይቋችሁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው።

የቀበና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን ጠበቃ። መድረክ ላይ ሕግ ይውጣ ሲባል ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው? ደግሞ «ሥሩን አያውቅም»!

ስም ይኑረን፦
እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ወንድማችን ንግግሩን ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። ሰውዬው ያሉት «ልጆቻችን ሥራቸውን አያውቁም» ነው። እውነት አይደለም? እዚህ የተወለደ ልጅ ሰባት ቤት ማን ያስቆጥረዋል? አያቱን በቪዲዮ ነው የሚያውቃቸው። አንድ ስም ቢወርስ ቢያንስ እሱን ይይዛል። ቱርክ በ1934፣ ታይላንድ በ1913 እ.ኤ.አ. በሕግ አድርገውታል። በታይላንድ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቤተሰቦች አንድ ስም መያዝ አይችሉም፤ ስለዚህ አብዛኛው ስም ብርቅ ነው፣ ስሙን ያየ ዘመዱን ይለያል። ታዲያ ታይላንዶች ማንነታቸውን አጡ?

የቀበና ልጅ፦
«ሕዝብ» ነው ያሉት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።
ሕግ ላልከው ግን ሞንጎሊያን ልንገርህ። የጎሳ ስም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከለከለና ትውልዱ ረሳው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ስም ያዙ ሲባሉ ስንትና ስንቱ ሰው የጄንጊስ ካንን ጎሳ ስም «ቦርጂጊን»ን ወሰደ! ጠፈርተኛቸው ጉራግቻ ደግሞ «ሳንሳር» አለ፤ ጠፈር ማለት ነው። እሱስ ቢያንስ የራሱን ሥራ ነው የወሰደው። ሕጉ እኛ ጋ ቢመጣ ግማሹ አገር አባ ዳኘው፣ ግማሹ አባ ታጠቅ ሊሆን ነው? ይሄ ነው ሥር ማወቅ?

የፒያሳ ሰው፦
አገራችን የቤተሰብ ስም አታውቅም አትበሉ እንጂ። ናልባንዲያንን ረሳችሁት? አርባዎቹ የአርመን ልጆች በ1924 እ.ኤ.አ. ከራስ ተፈሪ ጋር ከኢየሩሳሌም ሲመጡ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠልጥነዋል። ናልባንድ ለፈረስ ጫማ የሚመታ ሰው ነው። የአንድ ቅድመ አያት ሙያ ከነስሙ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። የአንድ ቤተሰብ ሰዎች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረኝ ከስሙ ገባኝ። ይሄ ጥቅም አይደለም?

ታሪክ ወዳድ፦
ጥቅም ነው። ግን አዲስ አበባ ምን ብላ ጠራቻቸው? «ሙሴ ነርሲስ»! «ሙሴ» በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው። ናልባንዲያን ያለ የለም።

ከኔታንያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በ1991 እ.ኤ.አ. ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ በልጅነቴ የመጣሁ ነኝ። መዝጋቢው የራሴን ስም በዕብራይስጥ ቀየረው። የአያቴ ስም የቤተሰባችን ስም ሆነ። ልጄ ወታደር ነው፤ ደረቱ ላይ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። ያየሁት ቀን አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስለዚህ የቤተሰብ ስም ክፉ ነው አልልም። ግን እናቴ የአባቷን ስም አጣች። አገሯ ሳለች አግብታም ወልዳም በአባቷ ነበር የምትጠራው። እዚህ በአማቷ ስም ተመዘገበች። እስኪሞቱ ድረስ አባቷ ይህን አላወቁም። እሷ ግን ታውቃለች። የኛ አሠራር ለሴት የሚያከብረው ነገር እንዳለ የገባኝ በእሷ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ ልቤን ነካኸው። እና የቤተሰብ ስም ይሁን ሲባል ለምን የግድ የወንዱ ይሆናል? ደግሞ የቀበና ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰባት ቤት ስትቆጥር ስንት ሴት ቆጠርክ?

የቀበና ልጅ፦
ሰባት ቤት በእናትም በአባትም ነው የሚቆጠረው፤ ለጋብቻ ሲጠየቅ ሁለቱም ወገን ይታያል። ይህን አታውቂም?

የሁለት ልጆች እናት፦
ወገኑን አልጠየቅኩህም። ስንት ሴት ቆጠርክ ነው ያልኩህ። እስቲ የቅድመ አያትህን ሚስት ስም ንገረኝ።

ታሪክ ወዳድ፦
ርዕሱን አንልቀቅ እንጂ። ጥያቄው ሕግ ይውጣ አይውጣ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ርዕሱማ ይሄው ነው። ሥር ሥር እያላችሁ የምትቆጥሩት ወንድ ብቻ ከሆነ፣ የእናንተም ቆጠራ ግማሹን ሰው ጥሏል። ሦስተኛ ልጅ በሚያዝያ እንጠብቃለን። ማን ብዬ ላስመዝግብ? አንዳችሁም እስካሁን መልስ አልሰጣችሁኝም።

ጠበቃ ነኝ፦
እንደ ትልቋ አስመዝግቢው፤ የትንሹንም በፍርድ ቤት አስለውጪና አንድ ይሁን። አሜሪካ ይፈቅዳል።

የቀበና ልጅ፦
የለም! በአባቱ ስም፣ እንደ አገራችን።

የሁለት ልጆች እናት፦
ትልቋ እኮ በአባቷ ስም ናት። ጠበቃ ያሉትም እሱን ነው። አንብበሃል?

ስም ይኑረን፦
የቀበና ልጅ ሳያነብ እንደሚመልስ ሁሉ ሳይሰማ ነው የሚከሰው። «ልጆቻችን» ነው ያሉት። ቅጂ ያለው ሰው ካለ እዚህ ያስቀምጥልን።

የቀበና ልጅ፦
ያስቀምጥ! «ሕዝብ» ነው ያሉት። አጠገቤ የነበሩትን ጋሼንም ጠይቅ።