ጀማሪ አጥቢያ የራሷን ሽማግሌዎች መቼ ትምረጥ?

ጠያቂው (ከሻሸመኔ አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከእናት አጥቢያችን ወጥተን ከተተከልን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። የምናመልከው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ኪራይ ቤት ነው። እሑድ እሑድ ወደ 130 ሰው እንሰበሰባለን፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ25 ዓመት በታች ነው። አጥቢያውን የሚመሩት የእናት አጥቢያው ሽማግሌዎች አምስት ዓመት ሳይሞላችሁ የራሳችሁን ሽማግሌዎች አትመርጡም ብለው ወስነዋል። የመባው ሣጥን ቁልፍ እንኳ በእጃችን አይደለም። ገንዘብ ያዣቸው በየሁለት ሳምንቱ በሚኒባስ መጥቶ ከፍቶ፣ ቆጥሮ፣ ቆልፎ ይመለሳል።

ባለፈው ወር የጌታን እራት ልንወስድ ተዘጋጅተን ሳለ መጋቢው በዝናብ ምክንያት መንገድ ላይ ቀረ። ኅብስቱ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅን። ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፤ ሰውም አንድ በአንድ ወጣ። በመጨረሻ አንዲት እናት "ይህን ኅብስት ምን እናድርገው? ወደ ቤት ቢወሰድ ኃጢአት ይሆንብናል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ፕሮግራም መሪ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም፤ የምመልሰው አጣሁ። ወጣቶቹ ደግሞ "እስከ መቼ ሕፃን እየተባልን እንኖራለን?" ይላሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሽማግሌው (አዳማ)

ወንድሜ፣ የኅብስቱ ነገር ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም የእናት አጥቢያህን ሽማግሌዎች ለመውቀስ አትቸኩል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ መሪ ሲጽፍ በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ "አዲስ ክርስቲያን አይሁን" ብሏል። ነገሩ የዕድሜ ንቀት አይደለም፤ ለሰውየው ነፍስ መሳሳት ነው።

በአገልግሎት ዘመኔ ሦስት አጥቢያ ሲተከል በቅርብ አይቻለሁ። አንደኛው ገና በስድስተኛው ወር ሽማግሌዎችን መርጦ በጭብጨባ ሾመ። ሁለተኛው ዓመት ላይ እነዚያ ሽማግሌዎች ተጣልተው ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። የተጣሉበትን ነገር ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል፤ የፕላስቲክ ወንበር ከየትኛው ነጋዴ ይገዛ በሚል ነው። ዛሬ በአንድ ሰፈር ሁለት አዳራሽ አለ፤ የአንዱ ድምፅ ማጉያ የሌላውን ስብከት ይውጠዋል። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ኢትዮጵያዊ ፕሮቴስታንት የነበረው 10 ገደማ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ከ18 በላይ ሆነ። በዚያው ፍጥነት መምህራንን አፍርተናል የሚል ካለ ይንገረኝ።

የታሪክ መምህር (ወላይታ ሶዶ)

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አምስት ዓመት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? እኛ አገር በታሪክ የምናውቀው ተቃራኒውን ነው። ሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ሚስዮን ሰዎች እዚህ ሶዶ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገብተው፣ የመጀመሪያዎቹን አማኞች ያጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያ ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣቸው የተጠመቁት ሰዎች ሃምሳ አይሞሉም ነበር፤ ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር 48 ነው። በቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍልም ጥቂት ነበር። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ግን 10,000 ገደማ ይሆኑ ነበር። ለእነዚያ 48 ሰዎች ቁልፍ የሚይዝላቸው እናት አጥቢያ አልነበረም። ሸኝተው ሲመለሱ ሽማግሌም፣ ወንጌላዊም፣ አጽናኝም ራሳቸው ነበሩ። ከዚያም ራሳቸው እየቀለቡ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወንጌላውያን ላኩ። ሕፃን ናችሁ ያላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ይሆን ነበር?

ሽማግሌው (አዳማ)

መምህር፣ ታሪኩን አልክድም፤ ነገር ግን ግማሹን ዘለልከው። እነዚያ ሚስዮናውያን አንድ ሰው ለማጥመቅ ስንት ዓመት እንዳስተማሩ አንተው ጽፈኸዋል። መሠረቱ በዝግታ ነው የተጣለው።

ሌላም ነገር አለ። እኔ ራሴ የቤት ኅብረት ልጅ ነኝ። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ 14 አጥቢያና 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። መሪዎቻችን ለዓመታት ታሰሩ። እኛ አራት አምስት ሆነን ቡና የተጠራራን መስለን እንሰበሰብ ነበር። ረከቦቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ከመጣ ስለ ስኳር ራሽን እናወራለን፤ ሲሄድ ከቆምንበት ቁጥር እንቀጥላለን። ብዙውን ጊዜ የምታስተምረን የቤቱ እመቤት ነበረች። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት 34,000 ገደማ ሆነን ወጣን። ስለዚህ አደራ መስጠት እንደሚያሳድግ ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ልዩነቱ ወዲህ ነው። ያኔ መሪ መሆን እስር ቤት መግባት ነበር፤ ማንም ለክብር ብሎ አይወዳደርም። ዛሬ መሪ መሆን ከፊት ወንበር መቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ማጥለያው መከራ ነበር። ማጥለያው በሌለበት ዘመን ጊዜውም ይቅር ካላችሁ ምን ሊያጠልልልን ነው?

ደግሞ ያቺው ቤተ ክርስቲያን ከተከፈተች ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1986 ዓ.ም. የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከፈተች። ለምን ይመስላችኋል?

የቤይሩቷ

ጋሼ፣ የቡናው ነገር አስለቀሰኝ፤ ለእኛ ያ ዘመን አላለፈም። እዚህ የምንሰበሰበው በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ነን። እሑድ ዕረፍት የሚሰጣት ትመጣለች፤ ሌላዋ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰጣች በስልክ ትሰማለች። አንድ ሰው ቢበዛ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ወይም አሠሪዋ አገር ትቀይራለች። የአሁኗ እኔ ከመጣሁ አራተኛ መሪያችን ናት። አምስት ዓመት ይጠበቅ ቢባል እኛ ዘንድ ማንም ሽማግሌ ሊሆን አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያንም አይኖረንም።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? እያንዳንዷ መሪ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሁለት ሰው አጠገቧ ታስቀምጣለች። ሆስፒታል ስትሄድ ይዛቸው ትሄዳለች፤ የተጣሉትን ስታስታርቅ አብረው ይቀመጣሉ፤ የሞተች እህት አስከሬን ወደ አገር ሲላክ ገንዘቡን አብረው ይሰበስባሉ። በድንገት ስትሄድ ሁለቱ ሥራውን ያውቁታል። ሹመት የሚባል ነገር የለንም፤ ተተኪ እንጂ። ጠያቂው ወንድሜ፣ የእናት አጥቢያችሁ መጋቢ ሲመጣ ከእናንተ ማንን ይዞ ነው ሰው የሚጠይቀው? መልስህ "ማንንም" ከሆነ፣ አምስት ዓመት ቢሞላም ያው ናችሁ።

ወጣቱ (ዲላ)

ጋሼ የጠቀሷትን ቃል ላንሣ። "አዲስ ክርስቲያን አይሁን" የተባለው ለኤፌሶን ነው። ኤፌሶን ጳውሎስ ራሱ ሦስት ዓመት ያስተማረባት፣ ከዚያ በፊትም ሽማግሌዎች የነበሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። የበሰለ ሰው ሞልቶ ሳለ ጀማሪን አትሹሙ ማለት ይገባል። ለቲቶ ሲጽፍ ግን፣ ገና በተጀመሩት በቀርጤስ ከተሞች ሽማግሌዎችን ሹም ብሎ መመዘኛውን ሲዘረዝር፣ ይህችን ሐረግ አናገኛትም። ሌላው ዝርዝር እጅግ ተቀራራቢ ነው፤ እሷ ግን የለችም። በሐዋርያት ሥራ 14 ደግሞ ጳውሎስና በርናባስ በዚያው በአንድ ጉዞ፣ በመልሱ መንገድ፣ በልስጥራንና በኢቆንዮን ሽማግሌዎችን ሾመው ጾመው ጸልየው ለጌታ አደራ ሰጧቸው።

ሽማግሌው (አዳማ)

የቲቶን ነገር እንዲህ አላየሁትም ነበር፤ ተመልሼ አነበዋለሁ። ለልስጥራን ግን መልስ አለኝ። በዚያ ዘመን ከሚያምኑት ብዙዎቹ በምኩራብ ያደጉ፣ ሕጉንና ነቢያትን ከልጅነት የሰሙ ነበሩ። የእናንተ 130 ሰዎች እንደዚያ ናቸው?

ወጣቱ (ዲላ)

በልስጥራን ምኩራብ መኖሩ እንኳ አልተጻፈም። ያ ሕዝብ በጣዖቶቹ ስም በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብሎ ኮርማ ሊሠዋላቸው የወጣ ነው። ከዚያ ሕዝብ ነው ሽማግሌ የተገኘው።

ሽማግሌው (አዳማ)

ኮርማውን ረስቼዋለሁ! እሺ።

ነርሷ (ሃዋሳ)

ወንዶቹ ስለ ዓመት ስትቆጥሩ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ወደምሠራበት ክፍል አንዲት እናት በቃሬዛ ገባች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏታል፤ አፏ ወደ ጎን ሄዷል። የደም ግፊት መድኃኒቷን ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ለምን ስንላት ልጅቷ መለሰች፦ መድረክ ላይ አንድ ወጣት "ጌታ ፈውሶሻል፣ ክኒኑን ጣይው" አላት። ክኒኑን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው መድረክ ሥር ጣለችው፤ ሕዝቡ እልል አለ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ። ያ አጥቢያ አራት የተመረጡ ሽማግሌዎች ነበሩት፤ ሁሉም በዚያ ቀን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሊጠይቃት መጥቶ በመተላለፊያው ላይ "እኔም ደስ አላለኝም ነበር፤ ግን መንፈስን ማጥፋት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ያ ሰው ጥቅሱን እስከ ግማሹ ያውቀዋል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች መንፈስን አታጥፉ፣ ትንቢትን አትናቁ ካለ በኋላ "ሁሉን ፈትኑ" ይላል። ተሰሎንቄ ደግሞ ያን ጊዜ የወራት ዕድሜ ያላት አጥቢያ ናት! ስለዚህ ለሁለታችሁም ነው የምናገረው። ሽማግሌ መርጦ መሾም ብቻውን አላዳናትም፤ አምስት ዓመት መጠበቅም አያድናትም ነበር። በዚያ አዳራሽ የጎደለው ተነሥቶ "ቆይ፣ ይህ ይመርመር" የሚል አንድ ሰው ነው። ያን ሰው እንዴት እንደምታሳድጉት ተከራከሩ።

ጎረቤት (ኦርቶዶክስ ነኝ)

በሰው ጉዳይ ገባሁ ካላላችሁ፣ ከእኛ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በሰበካ ጉባኤያችን ካህናት፣ ምዕመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ይቀመጣሉ። እኔ ገና በሃያ ዓመቴ የወጣቶቹ ተወካይ ሆኜ የጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ ከአለቃው ጋር ተከራክሬአለሁ። አለቃው ተቆጡኝ፤ በሳምንቱ ግን ደረሰኙን እኔ እንድይዝ አደረጉ። ደረሰኝ መያዝ ከብዙ ስብከት በላይ አስተምሮኛል፤ አንድ ብር ቢጎድል የሚጠየቀው ሰው እኔ ነበርኩና።

የታሪክ መምህር (ወላይታ ሶዶ)

ጎረቤታችን ብዙ ጊዜ ይግቡብን። ጋሼ ማጥለያው ጠፋ ብለው የጠየቁት ከባድ ጥያቄ ነው፤ ትናንት ሌሊት ሳሰላስለው አደርኩ። ዛሬ ዋጋ የሚያስከፍል አገልግሎት የለም እንዴ? አለ። የቤይሩቷ እህታችን ነግራናለች፤ አስከሬን መላክ፣ ታማሚ መጠየቅ። ሂሳብን በጉባኤ ፊት ማንበብም አለበት። እነዚህን ሁለት ዓመት ያለ ሹመት የሠራ ሰው ካለ ተጣርቷል። የማያጠልለው መድረክ ነው፤ እኛ ደግሞ ዕጩ የምንፈልገው ከመድረክ ላይ ነው። ማን ጥሩ ይሰብካል፣ ማን ጥሩ ይዘምራል እንላለን።

ሽማግሌው (አዳማ)

እዚህ ላይ ተገናኘን። አሁንም በስድስት ወር ሽማግሌ መሾምን እቃወማለሁ፤ ከወንበሩ ጠብ በኋላ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የለም። አምስት ዓመት የሚለውንም ግን መከላከል አልችልም። በቤት ኅብረት ዘመን ማንም ዓመት አልቆጠረልኝም።

ጠያቂው ልጄ፣ ምክሬ ይህ ነው። ምርጫውን አሁን አትጠይቅ፤ ቁልፉን ጠይቅ። ሦስት ሰው ይያዘው፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ አንዱ ከ25 ዓመት በታች ይሁን። በየወሩ ሂሳቡን በጉባኤው ፊት ያንብቡ። ስድስት ወር በዚህ ከሄዳችሁ የእናት አጥቢያው ሽማግሌዎች ራሳቸው ስም ጠይቀው ይመጣሉ። ካልመጡ ስልኬን ታውቃለህ፤ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።

ወጣቱ (ዲላ)

ገንዘቡ ይቅደም፣ ማዕዱ ይቆይ ነው ታዲያ? ያች እናት የጠየቀችው ስለ ኅብስቱ እንጂ ስለ ሣጥኑ አይደለም።

ጠያቂው (ከሻሸመኔ አካባቢ)

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሁላችሁንም ለወጣቶቹ አነበብኩላቸው፤ የነርሷን ስናነብ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ለእናት አጥቢያው ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉንና መጋቢው በማይመጣበት ቀን የጌታን እራት የሚያቀርብ ሰው እንዲወክሉልን።

ቁልፉ ቅዳሜ ማታ መጣ። ገንዘብ ያዣቸው ራሱ አምጥቶ አስፈረመን፤ ሲሰጠን ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ ያ የሚኒባስ መንገድ ሰልችቶታል መሰለኝ። ሦስቱ ቆጣሪዎች አንዲት የጉልት ነጋዴ እናት፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና አንድ የ22 ዓመት አናጺ ናቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሣጥኑን በሰው ፊት ገልብጠው ቆጠሩ። 4,365 ብር፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና ስም የሌለው የጸሎት ጥያቄ ወጣ። እናቲቱ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ከዚያ ወረቀቱን ለማን እንደምትሰጥ ጠየቀችኝ። እንጸልይበት አልኳትና ሦስቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጸለዩ።

ስለ ኅብስቱ የጠየቅነው መልስ ገና አልመጣም። የሚቀጥለው የጌታ እራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እዚህ ዝናቡ አላባራም።