ጠዋት የተጣበቀ ኮላ ጠመኔ መስሎ ይላቀቃል፤ ከየት እንጀምር?

የጅማዋ ኬሚስት (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ በሚገኝ አነስተኛ የሙጫ ላቦራቶሪ የምርት ማሻሻያውን ሥራ እመራለሁ። ለአናጺዎች የምናቀርበው ነጭ የእንጨት ኮላ ነው። የሚሠራውም ከተገዛ ፖሊቪኒል አሲቴት ኢመልሽን (በውሃ ውስጥ የተበተኑ የፕላስቲክ ቅንጣቶች፤ ጠጣሩ 50 በመቶ)፣ እዚሁ ከምናሟሟው ፖሊቪኒል አልኮልና ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት የተጣበቀ የዋንዛ ጣውላ በማግስቱ ይከፈታል፤ መስመሩ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል። ከሰዓት በኋላ የተጣበቀው ግን ደህና ነው። ቪስኮሲቲውም (ውፍረቱ) ከአንድ ዙር ምርት ወደ ሌላው ከ9,000 እስከ 16,000 ሚሊፓስካል ሰከንድ ይዋልላል። አንዱ ባልደረባ ፕላስቲሳይዘር (ማለስለሻ) እንጨምር ይላል፣ ሌላው ኢመልሽኑን እንቀይር። የትኛውን ላስቀድም?

ቀለምና ሙጫ
ችግሩ የቅዝቃዜ ነው። የኢመልሽኑ ቅንጣቶች ውሃው ሲሄድ ተለስልሰው እርስ በርስ መዋሃድ አለባቸው። ፕላስቲሳይዘር የሌለው ፖሊቪኒል አሲቴት ደግሞ ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ይህን አያደርግም፤ ቅንጣቶቹ ተለያይተው ይቀሩና ዱቄት ይሆናሉ። ጅማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አየሩ ሲሞቅ እንጨቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ቴርሞሜትሩን እንጨቱ ላይ አድርጊ እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመስታወት ቁራጭ በሁለቱ ጠርዝ ሁለት ሁለት ድርብ ቴፕ ለጥፋችሁ በመሃሉ ኮላውን በምላጭ ሳቡት። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱን በ12፣ አንዱን በ20 ዲግሪ አሳድሩ። መስታወቱም ኮላውም ቀድመው ይቀዝቅዙ፤ አለዚያ ውጤቱ ያታልላል። ይህን ካልሲየም ካርቦኔት ባልገባበት ኮላ ሥሩ፤ የገባበት ምንጊዜም ነጭ ስለሆነ አይለይም። ጥርት ያለ ፊልም የሰጠው ሙቀት ደህና ነው፤ ነጭና የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ተገኘ።

የጅማዋ ኬሚስት
አመሰግናለሁ። ታዲያ ፕላስቲሳይዘሩ ስንት ይግባ?

የጥራት ክፍል
በ100 ክፍል ኢመልሽን 0፣ 2፣ 4 እና 6 ክፍል አድርገሽ አራት ናሙና አዘጋጂ። እየተማሰለ በ20 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ከዚያ ሳይነካ 24 ሰዓት ይደር። ፕላስቲሳይዘሩ ወደ ቅንጣቶቹ ሲገባ ያብጣሉና ቪስኮሲቲው ይወጣል፤ በዕለቱ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። ዳይቡቲል ፍታሌት የተባለውን ፕላስቲሳይዘር ግን ተዉት፤ ለመራባት ጤና ጎጂ ነው።

ስለ 6ቱ ግን እጠራጠራለሁ። ፕላስቲሳይዘር ሲበዛ ቅዝቃዜው ይፈታና ሸክም ያለበት መገጣጠሚያ በሙቀት ይንሸራተታል። መገጣጠሚያው ላይ በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር አስምራችሁ ክብደት አንጠልጥሉበትና በ50 ዲግሪ ምድጃ ለአንድ ሳምንት ተዉት። መስመሩ ከተሰበረ መጠኑ አልፏል። አማራጩ 2 ክፍል ቡቲል ዳይግላይኮል አሲቴት ነው፤ ቅንጣቶቹን ያዋህድና በጊዜ ተንኖ ስለሚሄድ እንዲህ አያለሰልስም። ኢመልሽን መቀየሩ የመጨረሻው ይሁን፤ ሁሉን ነገር ከዜሮ ያስጀምራችኋል።

አዳማ ፖሊመር
እኔ ቪስኮሲቲው ላይ ልምጣ። እህቴ፣ ፖሊቪኒል አልኮሉ የትኛው ነው? ሙሉ በሙሉ ሃይድሮላይዝ የሆነው (98 በመቶው ከአሲቴት ወደ አልኮል የተለወጠው) ከሆነ መመሪያው 95 ዲግሪ ይላል። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት በርሜል ውስጥ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ 95 አይደረስም፤ አንዱ ኦፕሬተር ቶሎ ያቆማል፣ ሌላው እየፈላ ውሃው እስኪቀንስ ይጠብቃል። መዋለሉ ከዚያ ይመስለኛል። 88 በመቶው በ85–90 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የውሃ መቋቋሙ ግን ይቀንሳል። በ98ቱ ከቀጠላችሁ ክዳን ይኑረው፣ 90 ዲግሪ ካለፈ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ሲያበቃ በርሜሉ ተመዝኖ የተነነው ውሃ ይተካ። ዱቄቱ ምንጊዜም በቀዝቃዛ ውሃ፣ እየተማሰለ ይግባ፤ ሙቅ ውሃ ላይ ከተበተነ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉብታ ይሠራል። መለካቱም በ25 ዲግሪ፣ በአንድ ስፒንድል (የመለኪያው ተሽከርካሪ ዘንግ) እና በአንድ ፍጥነት ብቻ።

ቦራክስ (የቦሮን ጨው) የነካው ዕቃ ደግሞ ፖሊቪኒል አልኮሉ አጠገብ አይድረስ፤ ወዲያው ያረጋዋል።

አናጺው
ከኛ በኩል አንድ ነገር፦ ብዙ ሰው ኮላውን በውሃ ያቀጥናል፤ ያ ላይ ቅዝቃዜ ሲጨመር የባሰ ነው። ጄሪካኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩት፣ ሞርሳውም እስከ ረፋድ አይፈታ።

የጅማዋ ኬሚስት
98 በመቶው ነው፣ ክዳንም የለንም። የተላቀቀው መገጣጠሚያ በእርግጥ ከቅዝቃዜ መሆኑን በእጅ መለየት ይቻላል?

ቀለምና ሙጫ
በጥፍር ፈቅፍቂው። በሁለቱም ፊት ዱቄት ከተነሣ ቅዝቃዜ ነው። አንዱ ፊት ጥርትና አንጸባራቂ ሆኖ ሌላው ባዶ ከሆነ ኮላው ቆዳ አውጥቶ ሳለ ነው የተገጠመው። ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ኮላው አንሷል፤ በካሬ ሜትር 150–200 ግራም መቀባት አለበት።