ልጅን «ሰነፍ» ማለት ምን ያህል ይጎዳል? እንዴትስ ይታረማል?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ በሂሳብ ደጋግሞ ወደቀ። ቤተሰቡ «ሰነፍ» ካለው ወዲህ ደብተሩን መክፈት ትቷል። ስንፍና ነው ወይስ ስሙ ያመጣው?

መልስ 1፦ ስሙ ትልቅ ድርሻ አለው። «ፈተናውን ወደቅህ» ስለ አንድ ቀን ነው፤ «ሰነፍ ነህ» ግን ስለ ማንነቱ ነው፣ መውጫ የለውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሴሊግማንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባደረጉት ሙከራ፣ ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ ማምለጥ ሲችሉም ብዙዎቹ ሳይሞክሩ ቀሩ። ልጅም ልፋቱ ለውጥ እንደማያመጣ ካመነ ይተወዋል። በዚያ ላይ አጥንቶ መውደቅ ሳያጠኑ ከመውደቅ ይልቅ ያሳፍራል። ደብተሩ የተዘጋው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ እባካችሁ የፈተና ወረቀቱን አብራችሁት ተመልከቱ፣ ውጤቱን ሳይሆን ስህተቱን። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ከጻፈ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮታል ማለት ነው። የጎደለው የጋራ ታህት መፈለግ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ይማሩታል። በቀን 15 ደቂቃ፣ 3 የሚችላቸውን ጥያቄዎች አስቀድማችሁ 1 ከበድ ያለ አስከትሉ። ከወንድም ከእህት ጋር ማወዳደርማ ፈጽሞ ይቅር።

መልስ 3፦ «ጎበዝ ነህ» ወደሚለውም አትዝለሉ፤ እሱም ስም ነው፣ በሚቀጥለው ስህተት ይፈርሳል። ይልቅ «ታህቱን አመሳሰልከው» በሉት። ስሙን ያወጣው ሰው ራሱ «ሰነፍ ማለቴ ስህተት ነበር» ይበለው፣ በሰው ፊት ብሎት ከሆነም እዚያው ሰው ፊት። እንቅልፉ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከተዛባ ባለሙያ ይየው። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን በዚያው ቀን ውሰዱት፣ ብቻውንም አትተዉት።